የሴትነት ወረቀት

ወረቀት መርሳት ምን አላት እንዳትሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. እስፓኛዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ ለዓለም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ጃፓን፣ ኮቤ ስትሄድ፣ በ1983 ሄልሲንኪ ላይ የተሰጣትን የሴትነት ማረጋገጫ ረስታ ሄደች። እንደገና ተመረመረች፤ የዋይ ክሮሞሶም ተገኘባት። የተጎዳች መስላ እንድትቀር ተነገራት።

በ1986 መጀመሪያ በአገሯ ሻምፒዮና ሮጣ ስታሸንፍ ምስጢሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ስኮላርሺፗ ተቋረጠ፣ ሰዓቶቿ ከመዝገብ ተፋቁ፣ እጮኛዋም ትቷት ሄደ።

የሚገርመው፣ ሰውነቷ ቴስቶስቴሮንን አይቀበልም ነበር፤ ሆርሞኑ ጡንቻዋን አላገዘም። ምርመራው ክሮሞሶም ቆጠረ እንጂ ሰውነቷን አልጠየቀም። ተከራክራ በ1988 የመሮጥ መብቷን አስመለሰች። የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ1968 የጀመረውን የጅምላ ምርመራ በ1999 ተወ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። የዓለም አትሌቲክስ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደሩ ሴቶች ሁሉ ኤስ አር ዋይ ለተባለው ጂን አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ደነገገ። ደንቡ እንደ ማሪያ ላሉት በር ትቷል። የሴቶች ውድድር ፍትሐዊ ይሁን ማለትም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በሩ የሚከፈተው ከምርመራው በኋላ ነው። ታዲያ ምስጢሩ አንዴ ካፈተለከ፣ ማን ይመልሰዋል?