የጉሮሮ ካንሰር ታሪክ፦ ከማይክሮስኮፕ እስከ ዘረ መል

በ1887 የጀርመን አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል ፍሬድሪክ ድምፃቸው ሻክሮ አልመለስ አለ። የአገራቸው ሐኪሞች የማንቁርት ካንሰር መሆኑን ጠርጥረው ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጁ። እንግሊዛዊው የጉሮሮ ሐኪም ሞረል ማኬንዚ ግን አስቀድሞ ናሙና እንዲመረመር ስለጠየቁ፣ የተወሰደው ናሙና ለታላቁ የፓቶሎጂ ሊቅ ለሩዶልፍ ቪርኾ ተላከ። ቪርኾ የካንሰር ምልክት አላገኙበትም፤ ቀዶ ሕክምናውም ቀረ። ፍሬድሪክ በ1888 በነገሡ በ99 ቀናቸው በዚያው በሽታ አረፉ። ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው የቀረበለትን ናሙና ብቻ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው ያለን ግንዛቤ እንዴት እንደተለወጠ ለመዳሰስ ይሞክራል (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ምርመራው ከሴል አልፎ ወደ ዘረ መል (ጂን) ከዘለቀ በኋላም ስሕተት አልጠፋም። ፒ53 የተባለው ፕሮቲን በ1979 ሲገኝ ካንሰርን የሚያፋፋም ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ጤነኛው ፒ53 በተቃራኒው የተጎዳ ሴል እንዳይባዛ የሚገታ መሆኑ የታወቀው በ1989 ነው። በ1995 በአሜሪካ በ129 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ የዚህ ዘረ መል ለውጥ (ሚውቴሽን) ሲጋራ ከሚያጨሱና አልኮል ከሚጠጡት በ58 ከመቶው፣ ከሁለቱም ከታቀቡት ግን በ17 ከመቶው ብቻ መገኘቱን አሳየ።

ታዲያ የማያጨሱት ሕሙማን በሽታ ከምን መጣ? በ2000 ማውራ ጊሊሰንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከመረመሯቸው 253 ሕሙማን በ25 ከመቶው ዕጢ ውስጥ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) አገኙ፤ ይህም በተለይ በቶንሲልና በምላስ ሥር አካባቢ በሚነሣው ካንሰር ጎልቶ ታየ። በእነዚህ ዕጢዎች የፒ53 ዘረ መል አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሆኖም ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የፒ53ን ፕሮቲን እንዲፈርስ ያደርገዋል። ኢ7 ደግሞ አር.ቢ. የተባለውን ፕሮቲን ስለሚያሰናክል ፒ16 ከመጠን በላይ ይመረታል። በትምባሆ ሳቢያ በሚመጣው ካንሰር ግን ፒ16 ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ስም ስንጠራቸው የቆዩት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ልዩነቱ በሕሙማን ሕይወት ላይ ይታያል። በ2010 በታተመ ጥናት፣ በዚሁ የጉሮሮ ክፍል የተስፋፋ ካንሰር ከነበረባቸው መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 82 ከመቶ፣ ያልተገኘባቸው 57 ከመቶ ያህሉ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በዚህ ተስፋ ሕክምናውን ለማቅለል ሲስፕላቲንን በሴቱክሲማብ የተኩ ሁለት ጥናቶች ግን፣ አዲሱ መድኃኒት በሕይወት የመቆየትን ዕድል እንደሚቀንስ በ2018 አሳዩ።

የዘረ መል ምርመራ በየጤና ተቋሙ በማይገኝበት አገር የምንሠራ ባለሙያዎች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት አለ። ከ3 ሳምንት በላይ የሻከረ ድምፅንም ሆነ የማይጠፋ የአንገት እብጠትን፣ ሕመምተኛው አያጨስም ብለን ችላ ልንል አይገባም። ጥርጣሬያችን ጽኑ ከሆነም አንድ ናሙና ከካንሰር ነፃ ሆኖ መገኘቱ ሊያዘናጋን አይገባም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት የታለመው ለማኅፀን በር ካንሰር ቢሆንም፣ የሚከላከለው ዓይነት 16 ቫይረስ በጉሮሮም በብዛት የሚገኘው ነው። ይህንንም ለወላጆች ማስረዳት የሙያችን ድርሻ ነው።