የጥጋብ ሆርሞን በቤተ ሙከራ አይጦች ሰውነት ውስጥ ለምን ቶሎ ይጠፋል?

ቅባትና ፕሮቲን ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶኪኒን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። ሆርሞኑ የሐሞት ከረጢት እንዲኮማተር፣ ቆሽትም ኢንዛይሞቹን እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ለአንጎል ደግሞ የጥጋብን መልእክት ያደርሳል።

በአውሮፓውያኑ 1928 የታወቀው ይህ ሆርሞን ፔፕታይድ፣ ማለትም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ስዊድን ውስጥ ከአሳማ አንጀት ተጣርቶ ሲወጣ 33 አሚኖ አሲዶች ተገኙበት፤ ለሥራው ግን የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ይበቃሉ። ከስምንቱ አንዱ የሆነው ታይሮሲን ሰልፌትን፣ ማለትም ከአራት የኦክስጅን አቶሞች ጋር የተጣመረ የድኝ አቶምን ተሸክሟል። ይህ ትንሽ ጭነት ከተነሳ ሆርሞኑ በቆሽት ላይ ያለው ኃይል በመቶዎች እጥፍ ይዳከማል።

በ1973 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሆርሞኑን የተወጉ አይጦች ትንሽ በልተው እንደሚያቆሙ አሳዩ። ግኝቱ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማከም ተስፋ ሰጠ። ነገር ግን ሆርሞኑ ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነበር።

በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ምክንያቱን አብራርተዋል። ጉበት ባለ ስምንት አሚኖ አሲዱን አጭር ሰንሰለት ከሚያልፈው ደም ውስጥ በብዛት ይለቅመዋል፤ ባለ 33ቱን ግን በአመዛኙ ያሳልፈዋል። ኩላሊትም ድርሻ አለው። (አይጥ የሐሞት ከረጢት የላትም፤ በእሷ ላይ የሚደረጉ ሙከራዎች ቆሽትንና የምግብ ፍላጎትን የሚመለከቱት አንድም ለዚህ ነው።)

የቀረውን ኢንዛይሞች ይበጣጥሱታል። በ1996 የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች በአይጥ አንጎል ውስጥ ከእነዚህ አንዱን ለይተው አወጡ። ኢንዛይሙ ከስምንቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሚኖ አሲዶች ይቆርጣል፤ ሰልፌት የተሸከመው ታይሮሲን ከእነዚህ መካከል ስለሆነ የቀረው ቁራጭ ለጥጋብ አይጠቅምም። ኢንዛይሙን የሚያግድ ውህድ የተሰጣቸው፣ ተርበው የቆዩ ትናንሽ አይጦች የሚበሉት መጠን ቀንሷል።

ሰልፌቱ ራሱ ግን በቀላሉ አይላቀቅም። ሰልፌት የተሸከመ ታይሮሲን በሰው ሽንት ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ ሰንሰለቱ ቢበጣጠስም ማያያዣው እንደተያዘ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

የሆርሞኑን ዕድሜ ማራዘም ብቻውን መፍትሔ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። በየማዕዱ ሆርሞኑን የተወጉ አይጦች በአንድ ጊዜ የሚበሉትን ቀንሰው ነበር፤ ዳሩ ግን የሚመገቡበትን ጊዜ አበዙና ክብደታቸው ብዙም ሳይለወጥ ቀረ።