ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም

ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም በኒው ዮርክ ከተማ፣ አሜሪካ የሚገኝ፣ በኤፍ ኤም 101.1 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ማሰራጫ አንቴናው በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ይገኛል። ጣቢያው የሚከተለው የፕሮግራም ዓይነት «ክላሲክ ሂትስ» ይባላል፤ ይህም ባለፉት አሥርት ዓመታት ተወዳጅ የነበሩ ዘፈኖችን መርጦ የማጫወት ስልት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አጀማመር

ጣቢያው በ1941 «ደብሊው 67 ኤን ዋይ» በሚል መለያ ሥራ ጀመረ። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የኤ ኤም እህቶቻቸውን ፕሮግራም እንዳለ ከማስተላለፍ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያዘጋጁ የአሜሪካ መንግሥት በ1960ዎቹ ደነገገ። በዚህም ምክንያት ጣቢያው በ1966 ለስላሳ ሙዚቃ፣ በ1969 ደግሞ የሮክ ሙዚቃ ማሰማት ጀመረ። ሁለቱም ሙከራዎች ብዙ አልዘለቁም።

የቆዩ ዘፈኖች ዘመን

ጁላይ 7 ቀን 1972 ጣቢያው ወደ ቆዩ ዘፈኖች ዞረ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሮክ ኤንድ ሮል፣ እንዲሁም በኒው ዮርክ ሰፈሮች ወጣቶች በኅብረ ድምፅ ያዜሙት የነበረው ዱዎፕ መለያው ሆኑ። ተፎካካሪው ደብሊው ኤ ቢ ሲ በ1982 ሙዚቃ ማሰማቱን ሲያቆም ጣቢያው የዚያን ዘመን ድምፆች መሰብሰቢያ ሆነ። ሃሪ ሃሪሰን፣ ብሩስ ሞሮው፣ ሮን ለንዲና ዳን ኢንግራም በተለያዩ ዓመታት ከደብሊው ኤ ቢ ሲ የአቅራቢነት ዘመናቸው በኋላ እዚህ ሠርተዋል። ስለዚህ አድማጩ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን በወጣትነቱ የሚያውቀውን አቅራቢም መልሶ ያገኝ ነበር።

የ2005 ለውጥ

ማስታወቂያ አስነጋሪ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን አድማጭ ነው። የ1950ዎቹን ዘፈኖች በልጅነቱ የሰማው ትውልድ ደግሞ ከዚህ ዕድሜ እያለፈ ሄደ። ጁን 3 ቀን 2005 ባለቤቱ ኢንፊኒቲ ብሮድካስቲንግ ፕሮግራሙን በድንገት አቋርጦ «ጃክ ኤፍ ኤም» በተባለው ተካው። አዲሱ ፕሮግራም የተለያዩ ዘመናትን ዘፈኖች እየቀላቀለ ያለ አቅራቢ የሚያጫውት ነበር። በዚያው ዕለት በቺካጎ የሚገኘው የድርጅቱ ጣቢያ ደብሊው ጄ ኤም ኬም ተመሳሳይ ለውጥ ተደረገበት።

አድማጮች ተቆጡ፤ የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ሳይቀሩ ቅሬታቸውን ገለጹ። ብሩስ ሞሮው ወደ ሳተላይት ሬዲዮ ተሻገረ። የቀድሞው ፕሮግራም በኢንተርኔት ቢቀጥልም በመኪናና በቤት ሬዲዮ የለመደውን ሰው ቦታ የሚተካ አልሆነም። አዲሱም ፕሮግራም የተጠበቀውን ያህል አድማጭ አላገኘም።

መመለስ

ዳን ሜሰን በ2007 የሲ ቢ ኤስ ሬዲዮ ኃላፊ ከሆነ በኋላ የቀድሞው ስምና አቅራቢዎቹ ተመለሱ። ጁላይ 12 ቀን 2007 ከቀትር በኋላ 1:01 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 7:01) ላይ የተጀመረው ሥርጭት ሰዓቱ ከ101.1 ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ የተመረጠ ነበር። ይሁን እንጂ የተመለሰው ያው የድሮው ጣቢያ አልነበረም፤ ከ1964 በፊት የተቀረጹ ዘፈኖች በእጅጉ ቀነሱ፣ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ በዙ። «ክላሲክ ሂትስ» የሚለው ስያሜም «የቆዩ ዘፈኖች» የሚለውን ተካ።

ሲ ቢ ኤስ ሬዲዮ በ2017 ከኢንተርኮም ጋር ተዋሐደ፤ ኢንተርኮምም በ2021 ስሙን ወደ ኦዳሲ ቀየረ። በጊዜ ሂደት የ1990ዎቹ ዘፈኖችም ተጨምረዋል። ጣቢያው የተመሠረተበት ዱዎፕ ከመደበኛው ዝርዝር ሲወጣ፣ በ1972 ገና ያልተወለዱ ዘፋኞች «ክላሲክ» ለመባል በቅተዋል።