የታይሮይድ የዓይን ሕመም፦ ምልክቶቹ፣ ሕክምናው እና የካርቱም ታማሚዎች ፈተና

አንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ሲታወክ ጉዳቱ ዓይን ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የታይሮይድ የዓይን ሕመም በአብዛኛው የሚታየው ዕጢው ሆርሞን ከመጠን በላይ በሚያመነጭበት፣ ግሬቭስ በተሰኘው በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ነው። የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ከዓይን በስተኋላ ያሉትን ጡንቻዎችና ስብ ሲያጠቃ ያብጣሉ፤ የዓይንን ኳስም ወደ ፊት ይገፋሉ።

በአዮዲን እጥረት የሚከሰት እንቅርት በዳርፉርም ሆነ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የአንገት ማበጥ ብቻውን ይህን የዓይን ሕመም አያመለክትም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

የዓይን መፍጠጥ፣ መቅላት፣ መድረቅ እና አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ዋነኞቹ ናቸው። ቀለማት ከደበዘዙ ወይም እይታ ከቀነሰ የዓይን ነርቭ እየተጨነቀ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል።

እንዴት ይታወቃል?

ሐኪሞች በደም ምርመራ የሆርሞኖችንና የፀረ እንግዳ አካላትን መጠን ይለካሉ፤ የዓይንን መፍጠጥ መጠን፣ እንቅስቃሴና ቀለም የመለየት አቅም ይመረምራሉ። እንደ አስፈላጊነቱ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያዛሉ።

ሕክምናውስ?

የመጀመሪያው እርምጃ ሆርሞኑን ማስተካከልና ሲጋራ ማቆም ነው፤ ማጨስ ሕመሙን በእጅጉ ያባብሳል። ለቀላል ሕመም ሰው ሠራሽ እንባ፣ አንዳንዴም ሴሊኒየም ይሰጣል። ለከባዱ በደም ሥር የሚሰጥ ስቴሮይድ ያገለግላል። እ.አ.አ. በ2020 በአሜሪካ የጸደቀው ቴፕሮቱሙማብ ዋጋው እጅግ ውድ በመሆኑ ለብዙዎች የማይደረስ ነው። ሕመሙ ከረጋ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ይችላል። ለታይሮይድ የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ግን የዓይኑን ሕመም ሊያባብስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

የካርቱም ፈተና

የሱዳን ልዩ ሐኪሞችና መሣሪያዎች በአብዛኛው በካርቱም የተከማቹ ነበሩ። እ.አ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱምን የጨረርና አይሶቶፕ ማዕከል ጨምሮ በርካታ ተቋማት አገልግሎት አቋረጡ። ሐኪሞችም ታማሚዎችም ተሰደዱ፤ ከእነዚህም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ይገኙበታል።

የታይሮይድ መድኃኒት ሲቋረጥ ሆርሞኑ ይዛባል፤ ዓይኑም ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ታማሚዎች የመድኃኒታቸውን ስምና መጠን፣ የመጨረሻ የደም ምርመራቸውንም ውጤት መያዛቸው ጠቃሚ ነው። አዲሱ ሐኪም ሕክምናውን ከተቋረጠበት እንዲቀጥል ይረዳዋል።