አልጋው ተያዘ፤ አየሩስ?

መንገደኛ ሆቴል ደርሶ አልጋ ሲይዝ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ዋጋው ስንት ነው? አንሶላው ንጹሕ ነው? ሙቅ ውሃ አለ? «አየሩስ ከየት ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የሚጠቀምበት ግን እሱኑ አየር ነው። ምግቡን ቢጠላ ይተወዋል፤ አልጋው ባይመቸው ይገላበጣል፤ ትንፋሹን ግን እስኪነጋ ሊያቆየው አይችልም።

ቀድሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መስኮት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ስለ ታፈነ ቤት አብዝተው ይጨነቁ ነበር። የሙኒኩ የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ አንድ እጅ ካለፈ አየሩ ተበላሽቷል ሲል መለኪያ አበጀ። ጋዙ በዚያ መጠን ራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላው የተነፈሰውን አየር ምን ያህል መልሰን እንደምንስብ የሚናገር ምስክር በመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ሆቴሎችም ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ረጅም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በኤር ኮንዲሽነር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር በ1902 መሣሪያውን የነደፈው ለሰው ምቾት ሳይሆን ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር። እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠና እያኮማተረ የኅትመቱን ቀለም ያዛባ ነበርና። ከማተሚያ ቤት ወደ ሲኒማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሆቴል ተዛመተ። ያን ጊዜ መስኮት ሙቀት፣ ጫጫታና አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ ተደርጎ ይታይ ጀመር። ቀስ በቀስም ታሸገ። እንግዳውም ቀዝቃዛ አየር ፊቱን ሲነካው ንጹሕ አየር ያገኘ መሰለው። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው።

ልዩነቱ በሰው ሕይወት የታየው ፊላደልፊያ ላይ ነው። በሐምሌ 1976 አሜሪካን ሊጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የፔንሲልቬንያ አባላት ቤሌቭዩ ስትራትፎርድ በተባለው ዝነኛ ሆቴል ጉባኤ ተቀመጡ። ሆቴሉ በ1904 የተከፈተ፣ የከተማይቱ ኩራት ነበር። ጉባኤተኞቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ግን አንድ በአንድ በትኩሳትና በሳንባ ምች ይወድቁ ጀመር። በመጨረሻ የታመሙት 221፣ የሞቱት 34 ደረሱ።

አገር ተሸበረ። ገሚሱ የአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ነው አለ፤ ገሚሱ የኒኬል መርዝ ነው ሲል ጠረጠረ። ምግቡም ውሃውም ተመረመረ። መርማሪዎቹ ግን ሁለት ነገሮች አስተዋሉ። በሽታው ከታማሚ ወደ አስታማሚ አይተላለፍም፤ በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ብዙ የቆየ ሰው ደግሞ ይበልጥ ተጠቅቷል። ሆቴሉ ደጃፍ ባለው መንገድ ላይ ብቻ የነበሩ ሰዎች እንኳ ታመሙ። ከአዳራሹ እስከ ደጃፉ ሁሉንም ሊያገናኝ የሚችለው አየሩ ነበር።

ምስጢሩን የፈቱት በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል የሚሠሩት ጆሴፍ ማክዴድና ቻርልስ ሼፓርድ ናቸው። በጥር 1977 ከዚያ በፊት የማይታወቅ ባክቴሪያ ማግኘታቸው ተገለጠ፤ በሟቾቹ ማኅበር ስምም ሊጂዮኔላ ተባለ። ይህ ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። የትልልቅ ሕንፃዎች ኤር ኮንዲሽነር ሙቀቱን የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ በተተከለ የውሃ ማማ በኩል ነው። ማማው ካልጸዳ ከውሃው የሚነሣው ደቃቅ ጠብታ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ወደ አየር መሳቢያው ወይም ወደ መንገዱ ይወርዳል። በኋላ በሌሎች ከተሞች የተነሡ ወረርሽኞች ይህንኑ መንገድ ደጋግመው አረጋገጡ። ሆቴሉ ግን ይህ ሁሉ እስኪታወቅ አልቆየም። እንግዳ ሸሽቶት በኅዳር 1976 በሩን ዘጋ።

ሰው ግን ቶሎ ይረሳል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ሕንፃዎች ይበልጥ ታፈኑ። የአሜሪካ የማቀዝቀዣና ማሞቂያ መሐንዲሶች ማኅበር በ1981 ለአንድ ሰው የሚገባውን ዝቅተኛ የውጭ አየር በሴኮንድ 2.5 ሊትር ገደማ አደረገው። ራስ ምታቱና የዓይን ማቃጠሉ ሲበዛ በ1989 ሦስት እጥፍ አሳደገው። በኮቪድ ዘመንም በኒውዚላንድ ለይቶ ማቆያ በሆኑ ሆቴሎች ውስጥ ተገናኝተው የማያውቁ፣ ኮሪደር ብቻ የሚለያቸው እንግዶች በሽታውን ተጋቡ። በር ሲከፈት ኮሪደሩ ላይ የቆመው አየር አገናኛቸው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ሌሊቷ ያለ ማሽን የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ጸጋ ተሰጥቶን ግን ከበረሓ ከተሞች የተቀዳ የመስታወት ሕንፃ እናቆማለን። በዚያ ላይ «መስኮቱን ዝጋ፣ ብርድ ይመታናል» የሚለው የቆየ ፍርሃታችን አለ። ብርድን መፍራት ነውር አይደለም፤ ለብርዱ ብርድ ልብስ አለው። ለታፈነ አየር ግን የሚደረብ ነገር የለም።

እንግዲህ አልጋ ስንይዝ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ መስኮቱ ይከፈታል ወይ? የማይከፈት ከሆነ የውጭ አየር በየት ይገባል? ማሽኑንስ ማን ያጸዳዋል? አንሶላ ቆሽሾ ብናገኝ ይቀየርልን እንላለን። የቆሸሸ አየር እንደ አንሶላ አይታይምና፣ ሳይታይ የሚጠየቅለት እንግዳ ያስፈልገዋል።