ከድሮኑ በፊት ካርታው

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባ መገናኛ ነው። ከማይጨው ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ አቃቂ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ሠራ። ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት የዘመኑ ሰው «የነፋስ ስልክ» ይለው ነበር። ስሙ ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ነው። ስያሜው ሳይታሰብ አንድ ቁም ነገር ይዟል፦ ሞገዱ ነፋስ በሚያልፍበት ሁሉ ያልፋል፤ ድንጋይ ሲገጥመው ግን ይቆማል።

ድሮን ሰማዩን ከሞላ በኋላም ለብዙ ዓመታት ማዕድን ማውጫ ዋሻ ውስጥ መግባት ያልቻለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ከመሬት በታች የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ አይሠራም። ከአብራሪው ጋር የሚያገናኘው ሞገድ ጥቂት መታጠፊያዎችን ካለፈ በኋላ ይጠፋል። ጨለማ ነው፣ አቧራ ነው፣ ግድግዳ የነካ ክንፍ ደግሞ ይሰበራል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ጥር አልቆ የካቲት ሲገባ፣ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ ኦፓል ሲቆፍሩ የነበሩ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ዋሻው ተደርምሶባቸው ውስጥ ቀሩ። ቦታው ማሽን የማይደርስበት አለታማ ገደል ነው። የአካባቢው ሰው በእጅ መሣሪያ ድንጋይ እየፈነቀለ ለቀናት ታገለ።

የወገል ጤና ኦፓል በዓለም ገበያ ስም ያወጣው ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ድንጋዩ የሚገኘው በእሳተ ገሞራ አለት መካከል እንደ ሸሚዝ ጠርዝ በተዘረጋ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ንብር ውስጥ ነው። ቆፋሪው ይህን ቀጭን መስመር ተከትሎ ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ አግድም ይገባል። መስመሩ ወደ ታጠፈበት ይታጠፋል፣ ካለቀበት ትቶ ሌላ ይጀምራል። ዓመታት ሲያልፉ ገደሉ በጉድጓድ ይበሳሳል፤ የአንዱ ዋሻ ጣሪያ ለሌላው ወለል ሊሆን ይችላል። የትኛው የት እንደሚደርስ የሚያውቀው የቆፈረው ሰው ብቻ ነው። እሱ ከተቀበረ እውቀቱም አብሮት ይቀበራል።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር ለመፍታት ረጅም መንገድ ሄዷል። በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች መጀመሪያ ሻማ ነበር፤ ነበልባሉ ሲለወጥ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ አንዳንዴም ሻማው ራሱ ጋዙን ያፈነዳዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሳይንቲስት ትንንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው በመርዛማ ጋዝ እንደሚወድቁ አሳየ፤ ካናሪ የምትባለው ወፍ በቀፎ ሆና ወደ ጉድጓድ መውረድ ጀመረች። እንግሊዞች ወፏን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተኩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረ የሌዘር መለኪያ መጣ፤ ማዕድኑ ወጥቶ ባዶ የቀረውን ጉድጓድ ሰው ሳይገባበት ከአፉ ላይ ሆኖ ይለካል። ዘንጉ የማይደርስበት ጥግ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ።

ያን ጥግ የከፈተው በቀፎ ውስጥ የሚበር ድሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ የተቋቋመው ፍላይአቢሊቲ ድሮኑን እንደ ኳስ በተሠራ ቀፎ ውስጥ አስገባው፤ ግድግዳ ሲነካ ነጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። በማግስቱ ዓመት ዱባይ ላይ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አገኘበት። ከአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ የወጣው ኤመሰንት ደግሞ በ2018 በላይዳር፣ ማለትም በሌዘር ጨረር፣ ዙሪያውን እየለካ ያለ ሳተላይት ራሱን የሚመራ መሣሪያ ይዞ መጣ። ፍላይአቢሊቲም በ2022 ኤሊዮስ 3 ላይ ላይዳር ጨመረ። በረራው በአንድ ባትሪ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ሲመለስ የሚያመጣው የዋሻውን ሙሉ ቅርጽ ነው፤ ስንጥቁ፣ የተንጠለጠለው ድንጋይ፣ የጣሪያው ስፋት ሁሉ ይታያል።

አብዛኛው ሰው ስለ ድሮን ሲያስብ የሚታየው ከአደጋ በኋላ ገብቶ ሰው የሚፈልገው ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የተደረመሰ ዋሻ ውስጥ ድሮን የሚገባበት ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። የድሮኑ ዋና ምርት ካርታ ነው፤ ካርታ ደግሞ የሚጠቅመው ቀድሞ ሲኖር ነው። ቺሊ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 33 ሰዎች ሳን ሆሴ ማዕድን ውስጥ ሲቀሩ፣ አዳኞች የላኳቸው የመጀመሪያ መሰርሰሪያዎች ዒላማቸውን ከሳቱበት ምክንያት አንዱ የማዕድኑ ካርታ ያረጀ መሆኑ ነበር። በሕይወት መኖራቸው የታወቀው በ17ኛው ቀን ነው። እንግዲህ ይህ የሆነው ኩባንያ፣ መሐንዲስና ካርታ ባለበት ቦታ ነው።

የካርታው ግዴታ ከድሮኑ በጣም ይቀድማል። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው ሕግ የድንጋይ ከሰል ባለቤቶች የጉድጓዳቸውን ትክክለኛ ካርታ እንዲይዙና ለመንግሥት ተቆጣጣሪ እንዲያሳዩ አስገደደ። በ1872 ደግሞ የተተወ ጉድጓድ ካርታ ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ታዘዘ። ድሮኑ ከ160 ዓመት በኋላ ሲደርስ ሥራውን የሚረከብ ሰው፣ ፋይልና ተጠያቂ ጠብቆታል።

ወደ እኛ ስንመጣ ችግሩ የሕግ እጦት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ነገር ግን የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን ማምረትን የሚተረጉመው በአብዛኛው በእጅ የሚከናወንና ቅጥር ሠራተኛ የማይሳተፍበት ሥራ አድርጎ ነው። አንዱ ሕግ «አሠሪው ይጠብቅ» ይላል፤ ሌላው «እዚህ አሠሪ የለም» ይላል። የደላንታው ቆፋሪ የወደቀው በሁለቱ መካከል ነው። የሚያወጣው ድንጋይ ግን ሕንድና አሜሪካ ይደርሳል፤ በየደረጃው የሚያተርፍ አይጠፋም።

ድሮኑንም ቢሆን ማስገባት ቀላል አይደለም፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል። አደጋው በደረሰበት ሰሞን የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ለክልሉ ገበሬ «ድሮን» ማለት የሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልጅ ይዞ መሸሽ ማለት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቋል። ከዚያ ከሚወጡት መካከል አንዱ በቀፎ ውስጥ ሆኖ ወደ ገደል አፍ ቢገባ የቃሉም ትርጉም ጥቂት ይለወጥ ነበር።

ቴክኖሎጂው ብቻ እንደማይበቃ ለማየት ደላንታ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ንፋስ ስልክ ላፍቶና ኮልፌ ቀራኒዮ በሚዋሰኑበት ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያ ዋሻ የለም፣ ሞገድ የሚጋርድ አለት የለም፤ ተራ ካሜራ የያዘ ድሮን የክምሩን ከፍታና ተዳፋት በአንድ ረፋድ ይለካው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው አዲስ ማስወገጃ ወራት ሳይቆይ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ተዘግቶ፣ ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ ላይ ይከመር ነበር። ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚያድሩት ሰዎችም እንደ ኦፓል ቆፋሪዎቹ አሠሪ አልነበራቸውም።

ካርታ ለመጀመር ደግሞ ድሮን አያስፈልግም። የቆፋሪዎች ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ አንድ ገጽ ይጨመር፦ የዋሻው አፍ የት ነው፣ ስንት ሜትር ገብቷል፣ ወዴት ታጥፏል፣ ከጎረቤቱ ዋሻ በምን ያህል ይርቃል። በሜትርና በኮምፓስ ይሠራል። ገጹን ተቀብሎ የሚፈርምና ሁለት ዋሻዎች ሲቀራረቡ «አቁሙ» የሚል አንድ ባለሙያ በወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ይመደብ። ሰው መግባት የማይገባው ቦታ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ በአስር ሺዎች ዶላር የሚገዛው ድሮንም ወዴት እንደሚላክ።