የባቡሩ መስመርና የዜማው ጉባኤ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ያቋርጥ የነበረው፣ በናዝሬት (አዳማ) ጥቂት ዐርፎ በሞጆና በቢሾፍቱ ወደ መናገሻው ከተማ ይወጣ የነበረው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ሸቀጥና መንገደኛ ብቻ ሳይሆን የባሕር ማዶ ጥበብም በዚሁ ሐዲድ ወደ ሀገራችን ገብቷል። የናዝሬት ሰው ግን ባቡሩ ጭኖት ያለፈውን ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ሳይሰማው ቀርቷል፤ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ የላኳቸው የነሐስ መሣሪያዎች የመጡት ገና ሐዲዱ ሳይዘረጋ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ግን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ያገኟቸው፣ ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በደረሰው ዕልቂት ያጡ 40 የአርመን ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን የደረሱለትን የሕዝብ መዝሙር በዜማ ያዘጋጀው ይኸው ኬቮርክ ነበር፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ላይም ተሰማ።

ይህ ሁሉ የአደባባይና የሰልፍ ሙዚቃ ነው። በጠባብ አዳራሽ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየጠበቀ የሚጫወቱት ረቂቅ ሙዚቃ ሥር የሰደደው ቀስ ብሎ ነው። ፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንትሮቪች፣ በካይሮ የፒያኖ ድርሰት ባለቤቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያስተማሩት፣ ከነጻነት በኋላ መጥተው የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መሩ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ወጣቶችን አሠለጠኑ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደም እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪን ኦርኬስትራ እየመሩ የራሳቸውን ድርሰት ቡዳፔስት ላይ አሰምተዋል።

ይሁን እንጂ በእኔ ሚዛን ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ሥራ የተሠራው በመሰንቆና በክራር ነው። በግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤልዳብ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ከየአውራጃው የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ድካሙ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚገባው መሣሪያዎቹን በቅርብ ያየ ሰው ነው። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ የተጫዋቹ ጣትም ጅማቱን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ በአየር ላይ እየዳሰሰ ድምፁን ያወጣዋል፤ አዝማሪውም ከጉሮሮው ጋር እያስማማ ብቻውን መዝፈን የለመደ ነው። ዋሽንት ግን ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተበሱ ቅኝቱ አይለወጥምና፣ ተጫዋቹ ለየቅኝቱ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይይዛል፤ ክራሩና መሰንቆውም ከእርሱ ጋር መስተካከል አለባቸው። እንቢልታ ደግሞ እያንዳንዱ ጥቂት ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሦስት ሰዎች ተራ እየተቀባበሉ ካልነፉት ዜማ አይሆንም። ዐሥር አውታር ያለው በገና፣ ለጸሎትና ለብቸኝነት የተለየው፣ ከእነዚህ መካከል መቀመጡ ራሱ ድፍረት ነበረ።

በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በሁለት ረድፍ ቆመው በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ማኅሌት ሲቆሙ፣ መሪ በትር ሳያወዛውዝላቸው አንዱ ረድፍ ለአንዱ ይመልሳል፤ ስለዚህ በኅብረት መስማማት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ትምህርት አልነበረም። አዲሱ ነገር፣ በየቀዬው ተለያይተው የኖሩት መሣሪያዎች በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ነው። ከኤልዳብ በኋላ ሥራውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው፤ ዋሽንትና ክራር የሚጫወቱት መላኩ ገላውም ከዚሁ ጉባኤ ነበሩ። መሰንቆ የተማረው የሰላም ጓድ ባልደረባ ቻርልስ ሳተን እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑን «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኦርኬስትራው ፈረሰ።

የኦርኬስትራው ዜማ በሀገር ውስጥ ከመዲናው ውጭ እምብዛም ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ የሸክላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ትእዛዝ ሸክላ የማስገባትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ስለ ነበር፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ ማሳተም እስኪጀምር ድረስ የተቀረጸው ጥቂት ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም የፒያኖ ድርሰቶች እንኳ መጀመሪያ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ሲሆን፣ ገቢውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ነበር። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂም በፓሪስ በሚታተመው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ፣ በ23ኛው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ እንደ ገና ተሰማ።

መሰንቆ በኦሮሞም ዘንድ የተወደደ መሣሪያ ነው፤ የአዳማም፣ የሞጆም፣ የባቱም፣ የሻሸመኔም ተማሪ ድምፁን ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂ በየከተሞቹ ትምህርት ቤትና ባህል አዳራሽ በይፋ እንዲሰማ፣ ልጆችም ሦስት እንቢልታ እየተቀባበሉ፣ ክራሩን ከዋሽንቱ ጋር እያስማሙ እንዲጫወቱ መምህር ቢመደብላቸው እጅግ እመኛለሁ።